እጁ ወይስ ብልቃጡ?

በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ከሚገኙት ፋብሪካዎች የሚወጡት ወታደሮች፣ ጠፈርተኞች፣ ዘንዶዎችና አጋንንት ሁሉ አንድ መልክ አላቸው፤ ግራጫ ናቸው። የአብዛኞቹ ቁመት ከክብሪት እንጨት ያንሳል። ክንዳቸው፣ ራሳቸውና መሣሪያቸው ለየብቻ ሆኖ፣ ቅጠል በቅርንጫፍ ላይ እንደሚይዝ በአንድ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዞ ይመጣል። ገዥው ክፍሎቹን በስለት ቆርጦ፣ በሙጫ አጋጥሞና በቀጭን ብሩሽ ቀብቶ ሠራዊት ያደርጋቸዋል። ከዚያም በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ እየጣለ፣ ከጓደኛው ሠራዊት ጋር ያዋጋቸዋል። ዋርሃመር የተባለው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1983 ከታተመ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጥቂት ወዳጆች መዝናኛ ከመሆን አልፎ ታላቅ ኢንዱስትሪ ሆኗል። አምራቹ ጌምስ ወርክሾፕም በዲሴምበር 2024 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከመቶዎቹ ግንባር ቀደም ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል።

ይሁን እንጂ የጨዋታው ወዳጆች ስለራሳቸው የፈጠሩት አንድ ስም አለ። «የኀፍረት ክምር» ይሉታል። ይኸውም ተገዝቶ ያልተገጣጠመው፣ ተገጣጥሞም ያልተቀባው፣ በአልጋ ሥርና በቁም ሣጥን ላይ በካርቶኑ እንደታሸገ የሚከማቸው ግራጫ ሠራዊት ነው። ነገሩን በቀልድ ያነሡታል፤ አንዳንዶችም ስሙን ለማለዘብ «የተስፋ ክምር» ማለት ጀምረዋል። ነገር ግን ቀልዱ የሚሸፍነው እውነት ቀላል አይደለም። በገዛ እጁ አንድ ነገር ለመሥራት ተመኝቶ ወደ ሱቁ የገባ ሰው ሠሪ መሆኑ ቀርቶ የዕቃ ጠባቂ ሆኖ ወጥቷል ማለት ነውና። ይህ የሆነው ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ስንፍናውስ ከየት መጣ? በሺሕ የሚቆጠሩ፣ ጊዜም ፍላጎትም ያላቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ፣ ከመጀመሪያው ብሩሽ አጠገብ ሲቆሙ፣ ጥፋቱን በሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን በተማሩበት መንገድ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

በቅድሚያ አንድ ተቃውሞ መመለስ ያሻል። «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ስለ አሻንጉሊት ቀለም በኪነ ጥበብ መጽሔት መከራከር ለምን አስፈለገ?» የሚል ወገን አይጠፋም። በጠረጴዛ ላይ ጦር ማዋጋት የተጀመረው በልጆች ክፍል አይደለም። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በካርታ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ለአገሩ የጦር ጠቅላይ መምሪያ አቅርቦ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «ሊትል ዎርስ» የተባለውን የጨዋታ ደንብ መጽሐፍ አሳተመ። ትንሹ ጦርነት ከትልቁ ጦርነት እንደሚሻል የሚከራከር መጽሐፍ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ትልቁ ጦርነት ፈነዳ። የዌልስ ወታደሮች ብሪቴንስ የተባለው ድርጅት ከ1893 ጀምሮ ውስጣቸውን ባዶ አድርጎ ከእርሳስ የሚያወጣቸው ነበሩ። ቀይ ኮታቸውንና ጥቁር ቆባቸውን የሚቀቡላቸውም በአብዛኛው ሴቶች ሠራተኞች ነበሩ። እንግዲህ ንዑሳን ቅርጾችን መቀባት ሙያ፣ እንጀራና የእጅ ሥራ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። አንድ ሥራ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ከኪነ ጥበብ ደጃፍ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ፣ በአንገት የሚንጠለጠለው ትንሽ የእንጨት ሥዕልም እንዲሁ በተመለሰ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ነው።

ዛሬ ታላቅ ኩባንያ የሆነው ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው በሦስት ጓደኞች ነበር፤ ስቲቭ ጃክሰን፣ ኢያን ሊቪንግስተንና ጆን ፒክ ይባላሉ። የመጀመሪያ ምርታቸው የፕላስቲክ ወታደር አልነበረም። ፒክ በእጁ የሚሠራቸው የእንጨት የመጫወቻ ገበታዎች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ እንግሊዞች ማንካላ የሚሉት፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጉድጓዶቹን ገና ሲያይ ገበጣ ብሎ የሚያውቀው የጨዋታ ዓይነት ነው። የዚህ ሁሉ ንግድ አባት ጉድጓዱ በእጅ የተፈለፈለ እንጨት መሆኑን ዛሬ የኩባንያውን መደብር የሚረግጥ ወጣት ስንቱ ያውቃል? ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ከአሜሪካ ወደ መጣው የምናባዊ ጀብዱ ጨዋታ ሲያዘነብል ፒክ ተለይቶ ሄደ። ለዚህ ክርክር የሚስማማ አጋጣሚ ነው፤ ከሦስቱ ቀድሞ የወጣው እንጨት ሠሪው ነበር።

ያ ከአሜሪካ የመጣው ጨዋታ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን በ1974 ያሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»፣ ራሱ ከምን ተሠራ? ጋይጋክስና ጓደኞቹ ለጠረጴዛቸው ጭራቅ ባስፈለጋቸው ጊዜ ከርካሽ ዕቃ መደብር በሳንቲም የሚሸጡ የፕላስቲክ አውሬዎችን ገዙ። አውሬዎቹ የቅድመ ታሪክ እንስሳት ናቸው ተብለው የሚሸጡ፣ የትኛውንም እንስሳ የማይመስሉ ነገሮች ነበሩ። ጉድለታቸው ግን ሀብት ሆነ። ከአንዱ ቅርጽ ብረት የሚያዝገው ጭራቅ፣ ከሌላው ጉጉት መሳዩ ድብ ተወለደ። እነዚህ ፍጥረታት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሸጡ መጻሕፍት ውስጥ አሉ፤ የተወለዱት ግን ከቆሻሻ አንድ ደረጃ ከፍ ከሚል አሻንጉሊት ነው።

በእንግሊዝም እንዲሁ ነበር። በ1987 የዋርሃመር የጠፈር ዘመን ጨዋታ በታተመበት ሰሞን ለሠራዊቱ የሚሆን ታንክ በሱቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የኩባንያው የራሱ መጽሔት ለአንባቢዎቹ የሰጠው ትምህርት ያለቀ የዲዮድራንት መያዣን አጋድሞ፣ ካርቶንና ቁርጥራጭ ፕላስቲክ ለጥፎ፣ የሚንሳፈፍ ታንክ ማድረግን ነበር። ይህ የዲዮድራንት ታንክ ዛሬም በአንጋፋዎቹ ዘንድ በፈገግታ ይነሣል። ፈገግታውን ትቶ ነገሩን ማየት ይበጃል። ሻጩ ራሱ ጀማሪውን «ከቤትህ ቆሻሻ ቅርጫት ጀምር» ያለበት ዘመን ነበር። ጀማሪውም የተማረው ታንክ መሥራትን ብቻ አልነበረም፤ ማናቸውንም ዕቃ አንሥቶ በውስጡ ያለውን ሌላ ቅርጽ ማየትን ነው። ይህ ደግሞ የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ሀ ሁ ነው።

ዛሬ ጀማሪው ከመደርደሪያ ፊት ይቆማል። በመደርደሪያው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የቀለም ብልቃጦች ተደርድረዋል። በ2012 ኩባንያው ቀለሞቹን በሥራ ዓይነት ከፋፍሎ አቀረበ። ለመደቡ አንድ ዓይነት፣ ለላዩ ድርብ ሌላ፣ ለጥላው ሌላ፣ ለደረቅ ብሩሽ ሌላ ሆነ። ክፍፍሉ ለማስተማር ይመቻል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከዚህ ክፍፍል ጋር አንድ የአስተሳሰብ ልማድ አብሮ መጣ። ጀማሪው «ቀይ ካባን እንዴት ላብራ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ የሦስት ወይም የአራት ብልቃጥ ስም ሆነ። ከመጀመሪያው መደቡን፣ ከሁለተኛው ጥላውን፣ ከሦስተኛው ብርሃኑን ይቀባል። ቀይ ቀለም ላይ ጥቂት ብርቱካንማ ቢጨመር እንደሚሞቅ፣ ነጭ ቢጨመር ወደ ሮዝ እንደሚያደላ፣ ጥቂት አረንጓዴ ቢነካው እንደሚጠቁርና እንደሚከብድ አይነገረውም። ይህን ያወቀ ሰው ሦስቱን ብልቃጥ አይገዛምና። ጀማሪው የቀለም ስሞችን በቃል ያጠናል፤ ቀለምን ግን አያውቅም። ከብልቃጦቹ አንዱ በጎደለ ዕለትም ሥራው ይቆማል። አምስት ቀለም ገዝቶ አምስቱን ማደባለቅ ሲቻል አርባ ገዝቶ በአርባው መካከል መጥፋት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ንግዱ ምን ያህል ወደ ምክሩ ውስጥ እንደ ዘለቀ አንድ ምሳሌ በቂ ነው። ዳንከን ሮድስ የተባለው እንግሊዛዊ አስተማሪ በኩባንያው ሥር ሳለ ለጀማሪዎች በሚያሳያቸው ፊልሞች ደጋግሞ የሚሰጠው ምክር «ሁለት ቀጫጭን ድርብ» የሚል ነበር። ቀለሙን በውሃ አቅጥነህ አንድ ጊዜ ቀባ፣ ሲደርቅ ድገም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ምክር ለጀማሪ የተሰጠበት ጊዜ የለም፤ ዋጋውም የአንድ ስኒ ውሃ ነው። ሰውየው በ2019 ከኩባንያው ከወጣ በኋላ ይህ ምክር ራሱ የቀለም ምርት ስም ሆነ። ቀለሙ መልካም ቀለም ሊሆን ይችላል፤ አስተማሪውም የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስነቅፈውም። መታየት ያለበት የገበያው አሠራር ነው። ውሃ ጨምር የሚለው ምክር እንኳ በብልቃጥ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ካልቆመ ምክር መስሎ አይታይም።

ከመደርደሪያው የባሰ ሌላ ጠላት አለ፤ እሱም ፎቶግራፉ ነው።

በሣጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል የሚሠሩት በኩባንያው ተቀጥረው ዘመናቸውን ሁሉ በዚሁ ሥራ የሚያሳልፉ ባለሙያዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ሳህን ጦር ጠርዝ በፀጉር ቅጥነት ባለ የብርሃን መስመር ተከብሯል። ፎቶግራፉም ሦስት ሴንቲሜትር የሆነውን ወታደር መዳፍ ያህል፣ አንዳንዴም ገጽ ያህል አድርጎ ያሳየዋል። ጀማሪው የመጀመሪያ ወታደሩን ከጨረሰ በኋላ የሚያወዳድረው ከዚህ ጋር ነው። የራሱን ወታደር ደግሞ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ዓይኑ ያስጠጋዋል፤ አልፎ ተርፎም ፎቶግራፍ አንሥቶ ያጎላዋል። የሚያየው የቀለም ጉብታ፣ የተንሸራተተ መስመርና ዓይን የሚመስል ነጭ ነጥብ ነው። ያፍራል። ሁለተኛውን ወታደር አያነሣም፤ ወይም የመጀመሪያውን ለሦስተኛ ጊዜ በአልኮል አጥቦ እንደገና ይጀምራል። የኀፍረት ክምር ስሙን ያገኘው ባለመቀባቱ ይመስላል እንጂ፣ ኀፍረቱ የተወለደው ከመጀመሪያው ከተቀባው ወታደር ነው።

ነገር ግን ያ ወታደር የተሠራው በጣት ተይዞ ለመታየት ነው? አይደለም። የሚቆመው በጠረጴዛ ላይ፣ ከሃያና ከሠላሳ ጓደኞቹ ጋር፣ ከተመልካቹ ዓይን ክንድ ሙሉ ርቀት ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ርቀት የሚታየው የሠራዊቱ ኅብረ ቀለም ነው፤ ጨለማና ብርሃኑ የት እንደተለያየ፣ ፊቱ ከካባው መለየቱ፣ መሠረቱ እንደ መሬት መምሰሉ ነው። የዓይን ብሌን አይታይም። ስለሆነም በክንድ ርቀት ሊታይ የተሠራን ነገር በማጉያ መነጽር መፍረድ፣ በአደባባይ የቆመን ሐውልት አፍንጫው ላይ ተጠግቶ እንደ መተቸት ነው። ለፎቶግራፍና ለውድድር የሚሠራ ቅብ የራሱ ክብር አለው። ከ1987 ጀምሮ የሚካሄደው የ«ጎልደን ዲመን» ውድድር ያፈራቸው ሠዓልያን ችሎታ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ የውድድር ሥራ አንድ የጥበብ ዘርፍ ነው፤ የጠረጴዛ ሠራዊት ሌላ ዘርፍ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው የሣጥኑ ክዳን ብቻ ነው።

ታዲያ ጀማሪው በእውነት ሊማረው የሚገባው ምንድን ነው? ሥራው ሲመረመር በጣም ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ነው ለመምህራን ሊያስደስት የሚገባው።

መጀመሪያ ስለቱ ይመጣል። ፕላስቲኩ ከመቅረጫው ሲወጣ ሁለቱ የመቅረጫ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በገላው ላይ ይቀራል። ይህ መስመር በስለት ጀርባ ተፍቆ፣ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ካልጠፋ ምንም ዓይነት ቀለም አይሸፍነውም፤ ይልቁንም ቀለም ሲደረብበት ይበልጥ ይጎላል። ከሙጫውም ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ሙጫ እንደ አናጢ ሙጫ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ ያዋሕደዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ሲበቃ ብዙ ቢፈስ የወታደሩን ፊት ይበላዋል። ክፍተት ከቀረ በስቱኮ ይደፈናል።

ቀጥሎ የመነሻው ቀለም ነው። ልስልስ ፕላስቲክ ውሃ ያለበትን ቀለም አይቀበልም፤ ቀለሙ እየሸሸ ነጠብጣብ ይሠራል። ስለዚህ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ግራጫ የመነሻ ቀለም በስሱ ይረጫል። ጥቁር መነሻ ላይ ከላይ በኩል ብቻ ነጭ ቢረጭበት፣ ብርሃን ከሰማይ የወረደበት ያህል የጥላና የብርሃን ካርታ በቅርጹ ላይ ይታያል። ጀማሪው ገና ብሩሽ ሳያነሣ የብርሃንን ትምህርት በዓይኑ አገኘ ማለት ነው።

ለምን ጥላና ብርሃን በቀለም ይሠራል? ቅርጹ ራሱ ጉድጓድና ጉብታ አለው፤ የተፈጥሮ ብርሃን አይበቃውም? አይበቃውም። ይህ ነጥብ የዚህ ጥበብ ዋና ምሥጢር ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሃያ ስምንት ሚሊሜትር የሚባለው የተለመደው መጠን ከእውነተኛ ሰው ስድሳ ጊዜ ያህል ያንሳል። በእውነተኛ ጋቢ ላይ አሥር ሴንቲሜትር የሚጠልቅ እጥፋት በዚህ ወታደር ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም። የክፍሉ መብራት በዚህች ትንሽ ስንጥቅ ውስጥ እንደልቡ ይገባል፤ ጥላ አይጥልም። ስለዚህ ያልቀለመ ወታደር ከርቀት ሲታይ አንድ ወጥ ድቡልቡል ነው። ቀቢው ተፈጥሮ ሊሰጠው ያልቻለውን ጥላ በቀለም ይሰጠዋል። ውሃ የበዛበት ጥቁር ወይም ቡናማ የጥላ ቀለም ሲደፋበት ወደ ስንጥቆቹ ወርዶ ይቀመጣል። ጨዋታ ወዳጆቹ «ፈሳሽ ተሰጥኦ» ብለው የሚቀልዱበት ይህን ነው፤ ቀልዱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ከዚያ ብሩሹን በቀለም ነክሮ፣ በጨርቅ ጠርጎ አድርቆ፣ በጉብታዎቹ ላይ ደጋግሞ ማሻሸት የብርሃኑን ጫፍ ያወጣዋል። ፀጉርን፣ የሰንሰለት ጥሩርን፣ ድንጋይንና ላባን በዚህ መንገድ ሕፃን ልጅም ይሠራዋል።

በመካከሉ ያለው ማቅጠን ነው። ቀለሙ በወተት ቅጥነት ይሁን፤ ከብልቃጡ እንደወጣ የተቀባ ወፍራም ቀለም የወታደሩን ጥርስና የቁልፉን ቅርጽ ይቀብረዋል። ጀማሪውን በተደጋጋሚ የሚፈትነው ትዕግሥት ይህች ናት፤ የመጀመሪያው ቀጭን ድርብ ሲደርቅ መደቡን አሳልፎ ስለሚያሳይ ክፉ ይመስላል። ሁለተኛው ድርብ እስኪያርፍበት ድረስ መታገሥን ማንም አስተማሪ በቃል ሊያስተምር አይችልም።

መሠረቱ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ወታደሩ የቆመባት ክብ ሰሌዳ ላይ የአናጢ ሙጫ ተቀብቶ አሸዋ ቢነሰነስባት፣ ከደረቀች በኋላ ቡናማ ተቀብታ በፈዘዘ ቢጫ በደረቅ ብሩሽ ብትነካ፣ ተራው ቅብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። አሸዋው ከደጅ ይገኛል። ለሽቦ አጥር የስቴኪኒ እንጨትና የመዳብ ክር፣ ለፍርስራሽ ግንብ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሲደመር ሁለት ብሩሽ፣ አምስት ቀለም፣ አንድ የጥላ ቀለም፣ ስለት፣ ሙጫና አሸዋ ነው። ጀማሪው በዚህ ዕቃ አሥር ወታደሮችን በአንድነት ይቅባ። አንዱን ፍጹም ለማድረግ ሳይጥር፣ የአሥሩን ሱሪ በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ የአሥሩን ቀበቶ፣ ከዚያ የአሥሩን ፊት እየቀባ ይጨርሳቸው። አሥረኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ይሆናል፤ የመጀመሪያውም ሳይታጠብ ይቆይ። እጅ የሚማረው በብዛት ነው፤ ዳንቴል ሠሪዋም፣ ቁም ጸሐፊውም የሚያውቁት ነገር ነው። በጭቃ በሬ ሠርቶ ሳይደርቅ የሚጠምድ የገጠር ልጅ ለበሬው ቀንድ ማማር ሲል ጨዋታውን ለነገ አያሳድርም።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ሁለት ጠንካራ መከራከሪያዎች አሉ።

አንደኛው ስለ አዲሱ ቀለም ነው። በ2019 ኩባንያው ያወጣው «ኮንትራስት» የተባለው ቀለም በነጣ መነሻ ላይ በአንድ ጊዜ ሲቀባ በስንጥቁ ውስጥ ጠቁሮ፣ በጉብታው ላይ ሣሥቶ፣ ጥላና ብርሃኑን በራሱ ያወጣል። «ይህ ብልቃጥ ነው ስንቱን ከኀፍረት ክምር ያወጣው፤ እናንተ የምትነቅፉት ገበያ ነው ለሰፊው ሕዝብ በሩን የከፈተው» ይላሉ። እውነትነት አለው። እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሠራተኛ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው በዚህ ቀለም ሠራዊቱን ጨርሶ ወደ ጠረጴዛ ቀርቧል፤ ይህን የሚንቅ ሰው ጥበብን ለጥቂቶች ብቻ የሚመኝ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀለሙ የሚያደርገውን ለምን እንደሚያደርግ ያልተረዳ ሰው፣ ሰፊና ልሙጥ የሆነ ጋሻ ሲገጥመው ቀለሙ ተጠራቅሞ እድፍ ሲመስልበት መድኃኒቱን ከሌላ ብልቃጥ ይፈልጋል። የተረዳው ግን ማንኛውንም ተራ ቀለም አቅጥኖ ለዚያው ዓላማ የሚቀርብ ነገር በራሱ ይሠራል። ቀላሉ መሣሪያ መልካም የሚሆነው ከማብራሪያው ጋር ሲሰጥ ነው፤ ማብራሪያው ግን በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ከዚሁ ጋር፣ ኩባንያው ከ2020 ወዲህ በጠፈር ዘመኑ ጨዋታ ደንብ ውስጥ ሠራዊቱን ቀብቶ ለመጣ ተጫዋች ከመቶ አሥር ነጥብ እንዲሰጥ መደንገጉ መጠቀስ አለበት። መለኪያው ዝቅተኛ ነው፤ ዋና ዋና ክፍሎች ቀለም ካገኙና መሠረቱ ካለቀ ይበቃል። ይህ መለኪያ ከሣጥኑ ክዳን ይልቅ ለጀማሪው ርኅሩኅ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም የቅቡን ጥቅም ወደ ነጥብ መለወጡ የራሱ ጠንቅ አለው። ለአሥር ነጥብ የሚቀባ ሰው አሥሯን ካገኘ በኋላ የሚቀባበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከበድ ይላል። «ከቆሻሻ ቅርጫት ጀምር ማለት የድሮ ናፍቆት ነው፤ ዛሬ የሚሸጡት ቅርጾች ከዲዮድራንት ታንክ በብዙ እጅ ይበልጣሉ» የሚል ነው። በቅርጽ ጥራት ረገድ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የዲዮድራንቱ ታንክ ዋጋ በመልኩ አልነበረም። በዚህም መንገድ የሚሄዱ ዛሬም አልጠፉም። በ2015 የታተመው ጆሴፍ መካሎክ የደረሰው «ፍሮስትግሬቭ» ከአሥር በማይበልጡ ቅርጾች የሚካሄድ ነው፤ ተጫዋቹ የማንኛውንም አምራች ቅርጽ ወይም የገዛ ሥራውን ቢያመጣ አይከለከልም። ማክስ ፊትዝጀራልድ የፈጠረው «ተርኒፕ 28» ደግሞ የናፖሊዮን ዘመን ወታደሮች ከሥራ ሥር ጋር የተዋሐዱበት ዓለም ነው። ተጫዋቾቹ ከተለያዩ ሣጥኖች የተረፉ ክንድና ራሶችን፣ ስቱኮን፣ የደረቀ የተክል ሥርን እያጋጠሙ ማንም ሱቅ የማይሸጠውን ሠራዊት ያቆማሉ። ጭቃ የመሰለ ቡናማ ቅባቸው በንጹሕ ጠርዝ አይመዘንም፤ ጀማሪና አንጋፋም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቆሙ ልዩነታቸው አያሳፍርም። በአንጻሩ በኩባንያው መደብሮችና ይፋዊ ውድድሮች ውስጥ የሚፈቀደው የኩባንያው ቅርጽ ብቻ ነው። ነጋዴ በቤቱ የፈለገውን ደንብ ማውጣቱ መብቱ ነው። ክበባትና ትምህርት ቤቶች ግን ያንን ደንብ የጥበቡ ሕግ አድርገው የሚወርሱበት ምክንያት የለም።

በሬዚን የሚያትመው የቤት ውስጥ ማሽን ነገሩን እንደሚለውጠው ብዙ ተነግሯል። ማሽኑ የቅርጹን ዋጋ አርክሶታል፤ ያልደረቀው ሬዚን ቆዳንና ሳንባን ስለሚጎዳ ጓንትና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል የግድ ነው። ግራጫው ክምር ግን በማሽኑ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። እንዲያውም ቅርጽ ማግኘት በቀለለ መጠን ያልተቀባው ይበዛል፤ ችግሩ ከመነሻው የቅርጽ እጥረት አልነበረምና።

ስለዚህ ይህን ጥበብ በክበብ ወይም በክፍል ለማስተማር የሚነሣ መምህር የመጀመሪያውን ቀን በሣጥን አይጀምር። ክዳኑን ይገልብጠው፤ ወይም ቀድዶ ለግንብ መሥሪያ ያውለው። በጠረጴዛው ላይ አምስት ቀለም፣ አንድ ስኒ ውሃና አሮጌ ሳህን ያስቀምጥ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ወታደር ከመስጠቱ በፊት በሳህኑ ላይ አንዱን ቀይ ስምንት ዓይነት ቀይ ያስደርገው። የተቀቡት ወታደሮች ሲደርቁም ከተማሪዎቹ ዓይን በክንድ ርቀት፣ በመስኮቱ አጠገብ ያሰልፋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ቀርቦ በጣቱ እንዳያነሣቸው ይከልክል። ዳይሱም እዚያው ይቅረብ፤ ጨዋታው በዚያው ዕለት ይጀመር።